ፕሮፌሰር ዎርክ ረዳት አልነበሩም

የአሜሪካ ጥቁሮች መንፈሳዊ መዝሙር፣ ማለትም ስፒሪቹዋል የሚባለው፣ ታሪኩ ሲነገር አንድ የታወቀ መልክ አለው። ሕዝቡ ይዘምራል እንጂ የሚዘምረውን አያጠናም። አንድ ቀን ኖታ መጻፊያ ወረቀት ወይም የድምፅ መቅጃ የያዘ ሰው ከውጭ ይመጣል። ይሰማል፤ ይደነቃል፤ ይቀዳል፤ ከመጥፋትም ይታደጋል። በትረካው መጨረሻ መጪው ሊቅ ሲባል ዘማሪው የሊቁ ጥሬ ዕቃ ሆኖ ይቀራል። ይህን በመጻሕፍት፣ በዘጋቢ ፊልሞችና በሸክላ ሽፋኖች ላይ ያነበበና የሰማ ሁሉ እውነት አድርጎ ይዞታል። ስሕተት ነው። ስሕተቱም ለአንድ ሰው የሚገባውን ምስጋና ከመንፈግ ያለፈ ነው፤ የመዝሙሩን ታሪክ ራሱን አጣሟል።

በቴነሲ ግዛት ያለችው ናሽቪል ለዚህ ክርክር ጥሩ ምስክር ናት። በ1930ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) በዚያች ከተማ ሁለት ፕሮፌሰሮች የአሜሪካን ባሕላዊ መዝሙር ያጠኑ ነበር። ጆርጅ ፑለን ጃክሰን በቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ የጀርመንኛ መምህር ነበሩ። ጆን ዌስሊ ዎርክ ሣልሳዊ ደግሞ በፊስክ ዩኒቨርሲቲ ሙዚቃ ያስተምሩ ነበር። ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው በእግር መድረስ ይቻላል። ቫንደርቢልት ግን የመጀመሪያውን ጥቁር ተማሪ የተቀበለው በ1953፣ ጃክሰን ባረፉበት ዓመት ነው። ስለዚህ ሁለቱ ሰዎች በአንድ ከተማ፣ በአንድ ዘመን፣ ስለ አንድ ጉዳይ ቢጽፉም የአንዱ መጽሐፍ የዘርፉ መነሻ ተብሎ ሲጠቀስ የሌላው ዋና ሥራ ለስድሳ ዓመታት ያህል ከመዝገብ ቤት አልወጣም።

የጃክሰንን ውለታ መካድ ግን ነውር ነው። በ1933 ያሳተሙት፣ በደቡብ ደጋማ አገሮች ስለሚዘመሩ የነጮች ስፒሪቹዋሎች የሚናገረው መጽሐፍ፣ የከተማ ሙዚቀኞች ይንቁት የነበረውን የገበሬዎች መዝሙር ሰው ፊት አቁሞታል። በአላባማና በጆርጂያ ገጠሮች፣ ራሳቸው ሦስት ማዕዘን፣ ክብ፣ አራት ማዕዘንና አልማዝ መሰል በሆኑ ኖታዎች የሚዘምሩ ጉባኤዎች ነበሩ። መጽሐፋቸው በ1844 የወጣው «ሴክሬድ ሃርፕ» ነው። ዘማሪዎቹ በአራት ጎን ፊት ለፊት ተያይተው ይቀመጣሉ፤ መሪው መሐል ይቆማል፤ ግጥሙ ከመጀመሩ በፊት የኖታዎቹ ስም ይዘመራል። ጃክሰን እዚህ ጉባኤ ድረስ ሄደዋል፤ አድምጠዋል፤ ያዩትንም በፍቅር ጽፈዋል። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነው።

ጥፋቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጃክሰን በ1943 ባሳተሙት መጽሐፍ ከመቶ የሚበልጡ የጥቁሮችን ዜማዎች ከነጮች ዜማዎች ጋር ጎን ለጎን አስቀመጡ። መደምደሚያቸው የጥቁሮቹ መዝሙር በመሠረቱ ከነጮቹ የተወሰደ ነው የሚል ሆነ። ማስረጃቸው ምን ነበር? የነጮቹ ዜማ ቀድሞ መታተሙ። የነጮቹ የመዝሙር መጻሕፍት ከአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ በየጊዜው ወጥተዋል፤ የጥቁሮቹ የመጀመሪያ ትልቅ ስብስብ ግን የታተመው የእርስ በርስ ጦርነቱ ካበቃ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1867 ነው። ቀድሞ የታተመው ምንጭ፣ ዘግይቶ የታተመው ቅጂ ተደርጎ ተቆጠረ።

ይህ አቆጣጠር ሚዛን የሚደፋው ሁለቱም ወገን ወደ ማተሚያ ቤት እኩል መንገድ ቢኖረው ነበር። ደቡብ ካሮላይና በ1740 ባወጣችው ሕግ በባርነት ያለን ሰው መጻፍ ማስተማርን ከለከለች፤ በ1834 ማንበብንም ጨመረች። የዚያው ግዛት ነዋሪ ዊልያም ዎከር «ሳውዘርን ሃርመኒ» የተባለውን ዝነኛ የመዝሙር መጽሐፍ ያሳተመው በ1835 ነው። ልዩነቱ አንድ ዓመት ነው። በአንድ ግዛት፣ በአንድ ዘመን፣ ለአንዱ ኖታ ሲታተምለት ሌላው ፊደል እንዳይቆጥር በሕግ ታግዷል። ከዚያ በኋላ ተነሥቶ «የአንተ ዜማ በወረቀት ላይ ዘግይቶ ታየ፤ እንግዲያው ከእሱ የወሰድከው ነው» ማለት ሕጉ የሠራውን ግፍ እንደ ሳይንስ መቀበል ነው። ጃክሰን የቆጠሩት የዜማዎቹን ዕድሜ ሳይሆን ማን ማተሚያ ቤት ይገባ እንደነበረ ነው።

ወረቀቱን ራሱን በትክክል ያነበበ ደግሞ ሌላ ነገር ያገኛል። በባርነት ተወልደው ነጻነታቸውን በገንዘባቸው የገዙት ሪቻርድ አለን በፊላዴልፊያ ለጥቁር ምእመናን የመዝሙር መጽሐፍ ያሳተሙት በ1801 ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ከአንዱ መዝሙር ወደ ሌላው የሚዘዋወሩ አዝማቾች ይገኛሉ፤ ይህ ኋላ የመስክ የጸሎት ጉባኤ መዝሙር ዋና መለያ ተብሎ የተነገረለት ነው። በ1819 ደግሞ ጆን ዋትሰን የተባለ የሜቶዲስት ሰው የቤተ ክርስቲያኑን አዳዲስ ልማዶች የሚያወግዝ ጽሑፍ አወጣ። ጥቁሮቹ በመስክ የጸሎት ጉባኤ ላይ በራሳቸው ሰፈር ተሰብስበው፣ ቁርጥራጭ ስንኞችን በረጅም አዝማች እያያዙ፣ እግራቸውን እየመቱ ለሰዓታት ይዘምራሉ ሲል ተማረረ። ቀጥሎ የጻፈው ነው ለዚህ ክርክር የሚጠቅመው፤ ነጮቹም ይህንኑ ልማድ መያዝ ጀምረዋል፣ ጸሎቱ ካበቃ በኋላ በድንኳን ተጠጋግተው ሌሊቱን ሙሉ ሲዘምሩ ያድራሉ አለ። ዋትሰን የጥቁሮቹ ወዳጅ አልነበረም። የሚመሰክረው ግን መዝሙሩ ከጥቁሮቹ ሰፈር ወደ ነጮቹ መሻገሩን ነው፤ ያውም ጃክሰን የተመኩባቸው አብዛኞቹ የደቡብ መጻሕፍት ከመታተማቸው በፊት።

ይህን ማስረጃ አደባባይ ካወጡት አንዷ ኢሊን ሳውዘርን ናቸው። ጥቁር የሙዚቃ ታሪክ ሊቅ ናቸው፤ የጥቁር አሜሪካውያንን ሙዚቃ የሚተርከው መጽሐፋቸው በ1971 ታትሟል። የዋትሰን ጽሑፍ በቤተ መጻሕፍት መቶ ሃምሳ ዓመት ተቀምጦ ነበር። ያጣው አንባቢ ሳይሆን ከውስጥ የሚነሣ ጥያቄ ይዞ የሚያነብ ሰው ነው።

አሁን ወደ ፊስክ እንመለስ። ዩኒቨርሲቲው የተከፈተው በ1866 ከባርነት ነጻ ለወጡ ሰዎች ነው። በጥቅምት 1871 ዘጠኝ ወጣት ዘማሪዎች፣ ኋላ የጁቢሊ ዘማሪዎች የተባሉት፣ ለትምህርት ቤቱ ገንዘብ ለማሰባሰብ ጉዞ ጀመሩ፤ በ1873 በንግሥት ቪክቶሪያ ፊት ዘመሩ፤ ባመጡት ገንዘብ ዛሬም የቆመው ጁቢሊ ሆል ተሠራ። ይህን ብዙዎች ያውቃሉ። ትረካው ግን ከዚህ በኋላ ነጩን የትምህርት ቤቱን ገንዘብ ያዥ ጆርጅ ዋይትን ያገኝና ሥራውን ሁሉ ለእሳቸው ያሸክማል፤ ኖታውን የጻፉትን ቴዎዶር ሴዋርድንም ያክላል። ኤላ ሼፐርድ የት አሉ? በ1851 በባርነት የተወለዱት እኚህ ሴት የቡድኑ ፒያኖ ተጫዋች፣ ልምምድ መሪና የዋይት ቀኝ እጅ ነበሩ። ዘማሪዎቹ በመጀመሪያ እነዚህን መዝሙሮች በአደባባይ ሊያሰሟቸው አልፈለጉም፤ የወላጆቻቸው የተቀደሰ ነገር ነበርና በር ዘግተው በቀስታ ይዘምሩ ነበር። የትኛው ለሰው ጆሮ ይውጣ፣ የትኛው ይቅር፣ እንዴት ይዘመር ብሎ መወሰን ምርመራ ይጠይቃል። ያን ምርመራ ያደረጉት ራሳቸው ናቸው።

የዎርክ ቤተሰብ ከዚያው ምንጭ የተቀዳ ነው። አያት ጆን ዎርክ በናሽቪል የመዘምራን መሪ ነበሩ፤ ያሠለጠኗቸው አንዳንድ ሰዎች ከመጀመሪያዎቹ የጁቢሊ ዘማሪዎች መካከል ተቆጥረዋል። አባት ጆን ዎርክ ዳግማዊ በፊስክ የላቲንና የታሪክ መምህር ሆነው ከወንድማቸው ከፍሬድሪክ ጋር መዝሙር ሰብስበው አሳተሙ፤ በ1909 አራት ሆነው ለቪክተር ኩባንያ ሸክላ አስቀረጹ፤ በ1915 ስለ ጥቁሩ አሜሪካዊ ባሕላዊ ዜማ ሙሉ መጽሐፍ ጻፉ። ይህ ከጃክሰን የመጀመሪያ መጽሐፍ በአሥራ ስምንት ዓመት ይቀድማል። ልጅዬው በ1901 ተወልደው በፊስክ፣ በኒውዮርክ፣ በኮሎምቢያና በዬል ተምረዋል፤ ከ1927 ጀምሮ ለአርባ ዓመት ያህል በፊስክ አስተምረዋል። በ1940 ያሳተሙት ስብስብ 230 ዜማዎችን ይዟል፤ ከስፒሪቹዋሎቹ ጎን ብሉዝና የሥራ ዘፈንም አለበት። ሦስት ትውልድ ሙሉ ያደመጠ ቤተሰብ «ቀዳጅ መጥቶ አዳነው» የሚባል ባሕል ውስጥ አልኖረም።

ዎርክ ከጃክሰን የበለጠ ያዩትን ለመረዳት ወደ ኦዛርክ መሄድ ይበጃል። ኦዛርክ በደቡብ ምሥራቅ አላባማ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ዎርክ በ1938 እዚያ በተካሄደ የጥቁሮች የሴክሬድ ሃርፕ ጉባኤ ላይ ተገኙ፤ ያዩትን በ1941 «ሚዩዚካል ኳርተርሊ» በተባለው መጽሔት ጻፉ። በዚያ አካባቢ ጃጅ ጃክሰን የተባሉ ጥቁር ገበሬና የዜማ ደራሲ (ጃጅ የወጣላቸው ስም እንጂ ማዕረግ አይደለም) በ1934 የጥቁሮች የሴክሬድ ሃርፕ መጽሐፍ አሳትመው ነበር። ሰባ ሰባት መዝሙሮች አሉት፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም የጥቁር ደራሲያን ናቸው። ጊዜው ታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ የጥጥ ገበሬውን ያራቆተበት ነበር። ገበሬዎች በዚያ ድህነት መሐል በአራት ቅርጽ ኖታ አዲስ መዝሙር ደርሰው፣ ገንዘብ አውጥተው አሳተሙ።

ይህ አንድ ጉባኤ የነጭ መዝሙርና የጥቁር መዝሙር የሚለውን አጥር ሁሉ ይንደዋል። እነዚያ ዘማሪዎች ከነጮቹ ኖታውን ወስደዋል፤ ማንም አይክድም። ወስደው ግን የራሳቸውን አደረጉ፣ ጻፉበት፣ አስተማሩበት። ዎርክ ይህን ሲያዩ ማን ከማን ሰረቀ ብለው አልጠየቁም። ማን ያስተምራል፣ ልጆች መቼ ይማራሉ፣ መሪነት እንዴት ይሰጣል ብለው ጠየቁ። በናሽቪል ደግሞ ፊድልና ባንጆ የሚጫወቱትን ጥቁር ሙዚቀኞች ፍራንክ ፓተርሰንንና ናታን ፍሬዚየርን ቀረጹ፤ ያ ጨዋታ በሸክላ ገበያ የነጭ ገጠሬዎች ሙዚቃ ተብሎ ይሸጥ በነበረበት ጊዜ ነው። ከውጭ የመጡት ሰዎች ጥቁር ሰው «የጥቁር» የሚሉትን ሲዘፍን ለመስማት መጥተው ነበርና ይህን አልፈለጉትም። ዎርክ ግን የፈለጉት ጎረቤቶቻቸው ምን እንደሚጫወቱ ለማወቅ ነበር።

ትልቁ በደል የተፈጸመው በሚሲሲፒ ነው። በሚያዝያ 1940 ናቸዝ ከተማ ውስጥ የጥቁሮች የጭፈራ አዳራሽ ተቃጥሎ ከሁለት መቶ በላይ ሰዎች አለቁ። ዎርክ ከዚያ ኀዘን የሚወለዱትን ዘፈኖች በቦታው ተገኝቶ ማጥናት አለብን ብለው ለዩኒቨርሲቲያቸው ሐሳብ አቀረቡ። ሐሳቡ በፊስክና በላይብረሪ ኦፍ ኮንግረስ መካከል ሲመላለስ ተለወጠ፤ ናቸዝ ቀርቶ በሚሲሲፒ ዴልታ ያለው የኮአሆማ አውራጃ ተመረጠ፤ ከላይብረሪው፣ ከዋሽንግተን፣ አለን ሎማክስ ከመቅጃ መሣሪያቸው ጋር መጡ። ከፊስክ ዎርክ፣ የሶሲዮሎጂ ምሁሩ ሉዊስ ጆንስና የድኅረ ምረቃ ተማሪው ሳሙኤል አዳምስ ነበሩ።

በነሐሴ 1941 መጨረሻ በስቶቫል እርሻ ላይ አንድ ትራክተር ነጂ ጊታሩን ይዞ ተቀመጠ። ማኪንሊ ሞርጋንፊልድ ይባላል፤ ዓለም ኋላ ማዲ ዋተርስ ብሎ ያወቀው ነው። ያ ቀን ዛሬ «ሎማክስ ማዲ ዋተርስን ያገኙበት» ተብሎ ይጠራል። በሸክላው ላይ ግን ዜማውን እንዴት እንደሠራ፣ ጊታሩን እንዴት እንደቃኘ የሚጠይቁት ዎርክም ናቸው፤ ድምፃቸው ተቀርጿል፤ ማንም ሊሰማው ይችላል። ጥናቱም ብሉዝ ብቻ አልነበረም። ስብከት፣ ጸሎት፣ መሪው ስንኝ እያወጣ ምእመኑ እያስረዘመ የሚቀበለው ጥንታዊ መዝሙር፣ የልጆች ጨዋታ ሁሉ ተሰብስቧል።

እዚህ ላይ የፊስክ ሰዎች ከሎማክስ የተለዩበት ነጥብ ይታያል። ሎማክስ ያረጀውንና ዘመን ያልነካውን ይወዱ ነበር። ጆንስ ክላርክስዴል ከተማ መሸታ ቤቶች ገብተው ሳንቲም በሚበላው የሸክላ ማጫወቻ ውስጥ ምን ምን እንዳለ አንድ በአንድ መዘገቡ፤ የካውንት ቤዚን ባንድ የመሰሉ የትልቅ ከተማ ሙዚቀኞች እዚያ ነበሩ። የዴልታው ጥጥ ለቃሚ ቅዳሜ ማታ የኒውዮርክን ሙዚቃ እየሰማ እሑድ ጧት የአያቱን መዝሙር ይዘምራል። ሙዚየም ውስጥ የተቀመጠ ሰው አይደለም። ይህን ያወቀ ምሁር ስለ መዝሙሩ መለወጥ መጻፍ ይችላል፤ መዝሙሩ እንዳይለወጥ የሚመኝ ግን የሚሰማውን ግማሹን ከመዝገቡ ያስቀራል።

ዎርክ ያዘጋጁት ጽሑፍና ከመቶ ሃምሳ የሚበልጡ የኖታ ግልባጮች ወደ ዋሽንግተን ከሄዱ በኋላ ጠፉ ተባለ። ዎርክ በ1967 አረፉ። ሎማክስ በ1993 ስለ ዴልታው ያሳተሙት መጽሐፍ የአገሪቱን የመጽሐፍ ሐያስያን ሽልማት አገኘ፤ የፊስክ ምሁራን ድርሻ በውስጡ እጅግ ጠቧል። ከዚያ የማዲ ዋተርስን የሕይወት ታሪክ ይጽፉ የነበሩት ሮበርት ጎርደን ጠፋ የተባለውን ጽሑፍ ኒውዮርክ ባለው የሎማክስ ክምችት ውስጥ አገኙት። ከብሩስ ኔመሮቭ ጋር አዘጋጅተው በ2005 አሳተሙት። አሳታሚው የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ነው። ሳሙኤል አዳምስ እንኳ፣ ኋላ በኒጀር የአሜሪካ አምባሳደር የሆኑት ሰው፣ በዚህ ጥናት ታሪክ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ስማቸው የሚያነሣ አልነበረም።

የተለመደው ትረካ ጠበቆች መልስ አላቸው። መሣሪያው የመንግሥት ነበር፤ ሎማክስ ባይመጡ ሸክላው አይቀረጽም ነበር ይላሉ። እውነት ነው። ነገር ግን መሣሪያው ለምን በእሳቸው እጅ ብቻ እንደነበረ መጠየቅ አለበት። ዎርክ ሐሳቡን ሲያቀርቡ የጎደላቸው ዕውቀት አልነበረም፤ በጀትና መኪና ነበር። የመንግሥት ዕቃ የያዘን ሰው የዕውቀቱ ባለቤት ማድረግ ደግሞ የጃክሰንን ስሕተት መድገም ነው፤ ያኔ ማተሚያው ነበር፣ አሁን መቅጃው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል፤ የመጣውም ከቤት ውስጥ ነው። ዞራ ኒል ኸርስተን በ1934 በታተመ ጽሑፋቸው በኮንሰርት አዳራሽ የሚዘመረው ስፒሪቹዋል እውነተኛው ስፒሪቹዋል አይደለም ብለው ነበር፤ ተስተካክሎና ለስልሶ የቀረበ ሌላ ነገር ነው አሉ። የፊስክን ዘይቤም በዚህ ወቀሱ። ወቀሳው ተገቢ ነው። በየጉባኤው እንደ መንፈሱ ሁኔታ የሚለወጥ፣ ድምፅ ከድምፅ የሚጋጭበት መዝሙር በአራት ድምፅ ኖታ ሲታሰር ብዙ ነገሩን ያጣል። ሆኖም ኸርስተን ራሳቸው በመካከለኛው ፍሎሪዳ በምትገኝ የጥቁሮች ከተማ ያደጉ፣ አንትሮፖሎጂ ያጠኑ ጥቁር ሴት ናቸው። ስለዚህ የፊስክ ጉዳይ ላይ የተነሣው ጥልቁ ሂስም ከውስጥ የመጣ ነው። በዎርክና በኸርስተን መካከል የነበረው የሊቃውንት ክርክር ነው፤ የዘርፉ ታሪክ ግን ሁለቱንም እንደ መረጃ ሰጪ ሲያያቸው ኖሯል።

ይህ ሁሉ ነጭ አያጥና ማለት አይደለም። ሄንሪ ክሬቢየል የተባሉ ነጭ ሐያሲ በ1914 የጥቁሮቹ ዜማ የራሳቸው መሆኑን ተከራክረዋል። የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዋ ዴና ኤፕስታይን ለሃያ ዓመታት ያህል የድሮ ደብዳቤና የጉዞ ማስታወሻ ፈልፍለው በ1977 ያሳተሙት መጽሐፍ የአፍሪካን ሙዚቃ መሻገር በሰነድ አረጋግጧል። ኤፕስታይን ራሳቸውን ፈላጊ አደረጉ እንጂ አዳኝ አላደረጉም፤ ቀድመዋቸው የደከሙትንም ጠቀሱ። ልዩነቱ ከቆዳ ቀለም ላይ ሳይሆን ከዚህ ላይ ነው።

የዎርክ ዕጣ የአንድ ሰው ብቻ ቢሆን ኖሮ አጋጣሚ ነው ማለት ይቻል ነበር። በአትላንታ የስፔልማን ኮሌጅ መምህር የነበሩት ዊሊስ ሎረንስ ጄምስ ስለ ጥቁሮች ባሕላዊ ዜማ፣ በተለይም ስለ እርሻ ላይ ጥሪና ጩኸት የጻፉትን ትልቅ ጥናት በ1945 ጨረሱ። ጄምስ በ1966 አረፉ። ጥናቱ የታተመው በ1995 ነው። በእነዚያ ሃምሳ ዓመታት የጃክሰን መጻሕፍት ሲነበቡና ሲጠቀሱ ተማሪዎች ከየዩኒቨርሲቲው ተመርቀው ወጥተዋል፤ የጄምስን ሐሳብ ሊደግፉትም ሊነቅፉትም ዕድል አላገኙም።

ስለዚህ መታረም ያለበት ነገር ግልጽ ነው፤ ሥራውም ከባድ አይደለም። ስለ አሜሪካ ባሕላዊ መዝሙር የሚሰጥ ትምህርት ከ1933 ሳይሆን ከ1915 ይጀምር፤ ከጃክሰን በፊት የአባት ዎርክ መጽሐፍ ይነበብ። የ1941ዱ ጥናት በተጠቀሰ ቁጥር ዎርክ፣ ጆንስና አዳምስ በአጥኚነት ይጻፉ፤ «ከረዳቶቻቸው ጋር» የሚለው ሐረግ ይውጣ። የጃክሰን የዜማ ሰንጠረዥ በድጋሚ ሲታተም ከጎኑ የ1740ና የ1834 ሕጎች፣ የአለን መጽሐፍና የዋትሰን ስሞታ ይቀመጡ፤ አንባቢው ያን ረጅም ዝርዝር ማየት ያለበት በምን ዓይነት አገር እንደተሰበሰበ እያወቀ ነው።